የውሃው አባት

የጉድጓዱን ቁልፍ ሰባት ዓመት ያዝኩት፣
ከማተቤ ጎን ካንገቴ አሰርኩት።
ከመርዓዊ በታች፣ ከቆጋ ቦይ ማዶ፣
ያለ እኔ ፈቃድ ማን ሊቀዳ ወርዶ!

ኋላ የእህቴ ልጅ፣ የይታይሽ፣
ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው፣
ጡቷ ደርቆባት የጣሳ ወተት
በዚያው ውሃ በጥብጣ ብታጠጣው፣
ከንፈሩ እንደ አጋም በለዘ፣
ጣቱ ቀዘቀዘ።
ባሕር ዳር ደርሶ፣ በሰማያዊ መድኃኒት
ሰማያዊው ለቀቀው። ተረፈ።
«ውሃችሁ ነው» አለ ሐኪሙ፣ «ናይትሬት በዝቶበታል»፤
ሌላ በሽተኛ ጠርቶ በአጠገባችን አለፈ።

እኛማ ፈረድን፣ ምስክር ሳንጠራ፤
«ከላይ ያሉት ናቸው፣ የሽንኩርት አዝመራ
በዩሪያ አንበሽብሸው፣
መርዙን የላኩብን በቦይ አንቆርቁረው።»
መንደር ከመንደር ተኳረፈ።
ለአንሙት ሰርግ እንኳ ሁለት ዳስ ተጣለ፤
የላዩ ከላይ በላ፣ የታቹ ከታች ዋለ።

እናንዬ መጣች፣ የውሃ ተመራማሪ፣
በለስላሳ ሳጥን ጠርሙስ ደርድራ።
ከጉድጓዱ ቀዳች፣ ከቦዩ፣ ከጣሪያ ዝናብ፣
ከበረት ጭቃ፣ ከዩሪያም አንድ ማንኪያ፤
አየር እንዳይቀርበት ጢም አድርጋ ሞልታ
ክዳኑን ስታጠብቅ፣
አቶ የሻምበል በትራቸውን ተደግፈው፦
«በእኛ ጊዜ ገለባ ነበር፣ የኑግ ገለባ፤
ውሃው ከላይ ሲሰርግ እንበትንና
ከታች ምንጩ ዳር ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።
ብቅ ካለ፣ አባቱ ታወቀ።»
ሳቀች። «እኔም ገለባ ፈላጊ ነኝ፣ አባባ፣
ማንም ሳይበትነው ከውሃው ጋር የገባ።»

ከዚያ ነገረችን፣ በጣቷ መሬት እየጫረች፦
ናይትሮጅን ወንድማማች ነው፣ ቀላልና ከባድ።
ማዳበሪያው ከአየር ስለተሠራ
ሚዛኑም እንደ አየር ነው።
የከብት ሽንት ግን፣
ያ ጠዋት በረት ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣
እሱ ቀላሉ ነው፣ በንኖ የሚያመልጠው።
ከባዱ ይቀራል።
ይሰርጋል።

ጤፉ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ።
ወረቀቱ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ
ላይኞቹን እንዲያስር ስሳል ከረምኩ።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት
«እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል።
ውሃ ግን በቅሎ አይደለም፤ በአህያ አባቱ አያፍርም፤
ከባዱን ተሸክሞ
«የበረት ልጅ ነኝ» ብሏል።
«የቅርብ በረት» አለች እናንዬ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።
ከጉድጓዱ በላይ፣ በሠላሳ እርምጃ፣
ያለው በረት አንድ ነው።
የእኔ ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ
ከላይ ስቆልፍ፣ ከታች ስገባ።

በረቱን ነቀልኩ። «ቶሎ አይጠራም» አለችኝ፣
«ያምና ክረምት ገና እየወረደ ነው።»
ቁልፉን ለይታይሽ ሰጠኋት፤ ተቀበለች፣ ዝም አለች።
ሽቅብ ወጣሁ፣ ወደ ላይ መንደር፣
ከዋለልኝ ደጅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።
ብዙ አየኝ።
«ሽንኩርት ውሰድ» አለኝ።

ማታ ሚስቴ ስትከትፍ ከጎኗ ተቀምጬ
ዓይኔ ውሃ ሞላ።
ከየት መጣ ብላ ሳትጠይቀኝ፣
«ሽንኩርቱ ነው» አልኩኝ።