ቀይ ገመድ

ጉም ሐረጎን ውጦ፣ ጠመዝማዛው ጠፍቶ፣
ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገብ ወጥቶ
«ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው!» ይጣራል ለጉም፤
ጉም ሂሳብ አይከፍል፣ ጉም አይሳፈርም።
እኔ ከኋላ ወንበር ሻንጣዬን አቅፌ፣
የአምስት ወር ብርድ በካልሲዬ አትርፌ፣
ለአባቴ የምነግረው ወሬ እመርጣለሁ፤
አንዱን አነሣለሁ፣ አንዱን እጥላለሁ።

በረዶውን ልንገረው? በቴሌቪዥን ያውቀዋል።
ማርኬን? ደሴ ላይ ሬጅስትራር ይዞታል።
«ባቡሩ በደቂቃው ይነሣል» ብለው
«የዘገየውን ሰው ማን ይጭነዋል?» ነው የሚለው።

አባቴ ጆሮ የለው። ሠላሳ አንድ ዓመት
በሽመናው ክፍል፣ በማሽኖች ጩኸት፣
ጆሮውን ከፍሎ ነው ያስተማረኝ ትምህርት።
ከንፈር ያነብባል፤ እኛም ለእሱ ብለን
አፍ ከፍተን፣ ቀስ ብለን፣ እንናገራለን።
እሱ ግን ይጮሃል፤ «ሉባባ!» ያለ ዕለት
ከቦርከና ማዶ ይመለሳል «አቤት»።

ሊበሬትስ ይባላል የቼኮች ከተማ፤
እንደኛው ተራራ ከብቦታል በግርማ፤
ፋብሪካ ሞልቶታል፣ አንዱም ግን አይሰማ።
ስሟን ለማጣፈጥ አንድ ወር ፈጀብኝ፤
የኔንም በሩብ ቀን አጣመው ጠሩልኝ።
«ከየት ነሽ?» ሲሉኝ፣ ጣቴ በካርታቸው ዞሮ
ባዶ ቡናማ ላይ ቀረ ተደናግሮ።

አንድ ሐሙስ መምህሩ፣ አሥራ ሰባት ሆነን፣
ሙዚየም ወሰደን።
ወለሉ ያበራል። አቧራ እንኳ የለም።
ማሽኖች ተሰልፈው አንዷም አትላወስም፤
በየወገባቸው ቀይ ገመድ ታስሮ፣
«አትንኩ» የሚል ጽሑፍ በአራት ቋንቋ ሰፍሮ።
ሦስተኛዋን አልፌ አራተኛዋን ሳያት
እሷ ናት!
ያው በግራ ጎኗ የዘይቱ ቀዳዳ፣
ያው የብረት ጥርሷ፤ እኔ ብቻ እንግዳ።
በስምንት ዓመቴ፣ ምሳ ሳደርስለት፣
አባቴ «እኅትሽ ናት» ብሎ እጄን የጫነባት።

መምህሩ «ይህቺን» አለ፣ «የሚያውቃት ሰው አልቋል፤
የመጨረሻው ሸማኔ ከሞተ ቆይቷል።»
እዚህ አራት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ ስድስት፤
ይሄን ጊዜ ሟቹ ያጠጣታል ዘይት።

አንድ ክር ተበጥሶ ከድሩ ተንጠልጥሏል።
እጄ ነው፤ እኔን አላማከረኝም።
ገመዱን ተሻገርኩ፤ ክሩን በምራቄ አርሼ
አባቴ በነጠላ ጫፍ እያሳየ ያሳደገኝን
ያቺን ኢምንት ቋጠሮ
ቋጠርኩ።

«ኔ!»
ጥበቃዋ ጮኸች። አሮጊት ናት፤
ሄድቪካ ይላል ደረቷ ላይ።
ጓደኞቼ ክው አሉ። እኔ አልደነገጥኩም፤
ይህ ጩኸት የቤቴ ነው፣ የቁጣ አይደለም፤
የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው እንዲህ ነው የሚጮህ።
ዞርኩና አፌን ከፍቼ፣ ቀስ ብዬ፣
ለሷ በማይገባት አማርኛ
«አባቴ» አልኳት። «አ–ባ–ቴ።»
ከንፈሬን አየች። ክሩን አየች።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ቋጠሮዬን በጥፍሯ ሞከረችው፤
ፈታችው።
ደግማ ራሷ ቋጠረች፣ አጥብቃ፤
«እንዲህ ነው እንጂ» የሚል ፊት አሳይታኝ
ወደ ወንበሯ ተመለሰች።
መምህሩ ስለ ሟቹ ሸማኔ ማስረዳቱን ቀጥሎ ነበር።

ጉሙ ከላይ ቀርቷል፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው፤
አባቴ ግን ዣንጥላ፣ ለእኔ ነው የያዘው።
በረዶውን ዘልዬ፣ ባቡሩን ዘልዬ
እሷን ነገርኩት።
«አንች ልጅ፣ ትሠራለች?»
«አርፋለች» አልኩት፤ «ቀይ ገመድ ዙሪያዋን ስበውላት።»
«ገመድ!»
መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።
«እኔም በሰኔ ጡረታ ስወጣ ጠይቂልኝ እንጂ፣
አራት ሜትር ይበቃኛል!»

ሲስቅ ቆየና ዝም አለ።
ከሻርፔ ጫፍ አንድ ክር መዘዘ፤ በጠሰው።
«ሴትዮዋ እንዴት ነው ያጠበቀችው?»
ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ
ቋጠርኩለት፤
እሱም ከንፈሬን ትቶ
ጣቶቼን አነበበ።