ከስድስት እስከ ሃያ

ከስድስት ነው የሚጀምር የድካም መስፈሪያው፣
ሃያ ላይ ያበቃል፣ ግድግዳው ላይ ያለው።
«ለምን ከዜሮ አይነሣም?» አልኋት ቱቫን፣
አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ልታስር ስትዘረጋ ጣቷን።
ሳቀች። «ዜሮ የሚባል ሰው የለማ፣ ትርንጎ፤
ተኝተሽም ይሠራል ልብሽ፣ ሌሊቱን ቀን አድርጎ።»

«የአሳማ ይሁን የከብት?» ብሎኝ ነበር ሐኪሙ፣ ቢላውን ስሎ፤
ከቢላው ይልቅ የፈራሁት ንስሐ አባቴን ነው፣ መለስሁለት ቶሎ፦
«የከብት!»
ይኸው ሁዳዴ ገባ፤ ወተት አልቀምስ፣ ሥጋ አልነካ፣
በየምቱ በሬን የሚከፍት በሬ ኖሯል ለካ።

ጡጦ የምታህል ፕላስቲክ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ሞላ ያለባት፣
አየር እንደ ንፉግ ባለሱቅ እየመዘነች የምትሰጥ ሲስቧት።
ሠላሳ ጊዜ ጠዋት፣ ሠላሳ ጊዜ ማታ።
ማስወጣቱ በነፃ፤ ማስገባቱ ነው የሚያንገላታ።
ዘጠኝ ላይ ጀመርን፣ ከሁሉ በላላው ሞላ፤
በስድስተኛው ከአፌ አመለጠች፣ ተንከባለለች ከወንበሩ ኋላ።
ሃምሳ ስምንት ዓመት ስተነፍስ ኖሬ በዱቤ፣
ሂሳቡን ላኩልኝ ይኸው፣ ከጎድኔ ሥር፣ ከልቤ።

ስምንት ሆነን በክብ እንቀመጣለን፤ ሁላችንም ትራስ አለን፣
ሳል ሲመጣ የተሰፋው ደረት እንዳይላቀቅ፣ አጥብቀን እናቅፋለን።
አንዱ ካሳለ ሁሉ ያቅፋል፦
የባንክ ኃላፊው፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ እኔ ትራም ነጂዋ፣
ቬይኮም፣ ፊንላንዳዊው መርከብ በያጁ፣
ትራሱ የመርከብ ክፋይ ይመስል የማይላቀቅ ከእጁ።

ቬይኮ አይናገርም። ሞላውን ሠላሳ ስምንት ላይ አጥብቆ
ይስበዋል፣ ምንም ሳይመስለው፣ ጢሙን ብቻ ነቅንቆ።
«እንዴት?» ብለው፣
«አርባ ዓመት የብየዳ ጢስ ስቤያለሁ፤ ይህ ንጹሕ አየር ነው» ብሎ ዘጋ።

ኮሪደሩ ውስጥ፣ በሁለት ቢጫ ቆቦች መካከል፣ ስድስት ደቂቃ።
የመጀመሪያው ቀን፦ ሁለት መቶ ዘጠና ሜትር። በቃ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎተንበርግን በሐዲድ የለካሁ እኔ፣
ከፌርማታ ፌርማታ ሳልደርስ ቀረሁ፣ ግድግዳ ደግፌ በጎኔ።

ማስትሁጌት ከሚባለው ሰፈር በላይ፣ አለቱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ።
ከሥሩ ሺ ጊዜ አልፌያለሁ ደውሌን እየመታሁ፤
ደረጃውን ግን አንድም ቀን አልረገጥሁም።
በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ነፋሱ ከወደቡ ጨው ሲያመጣ፣
ቬይኮና እኔ ከደረጃው ግርጌ ቆምን። «እንውጣ?» «እንውጣ።»

ሠላሳ እርከን፣ ዕረፍት።
ሠላሳ እርከን፣ ዕረፍት።
ትንፋሼ እንደ ትራም በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤
ያ ከጎድኔ ሥር የነበረ ሰነፍ፣ ዛሬ ገመዱን ይዞ ይጎትታል።

አጋማሹ ላይ ቬይኮ ተቀመጠ፣ እርጥብ አግዳሚ ላይ።
ደነገጥሁ። «ደረትህ?»
«ደረቴ ደኅና ነው። ሳንባዬማ ቀድሞኝ ላይ ደርሷል፤
ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ። ለጉልበት የሚሆን ፕላስቲክ የላቸውም።»
ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።
«ሂጂ» አለኝ፤ «ክሬኔን እዪልኝ።»

ሄድሁ። አናቱ ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ፤
እሱ ነው፣ ኮፍያው ከታች ይታየኛል።
«ምን አለ?»
«ወንዙ ግራጫ ነው፣ አንዲት ጀልባ ወደ ማዶ እየተሻገረች ነው፣ ብርቱካናማው ክሬንህ ብቻውን ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ወፎች ሰፍረውበታል፣ ሥሩ አዲስ ቤት ተሠርቷል፣ አንዲት ሴትዮ ሰገነቷ ላይ ምንጣፍ ታራግፋለች»
እዚህ ላይ ነው የነቃሁት፦
ይህን ሁሉ ያልሁት ሳላቋርጥ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ።

ዝም አለ። ቆየና፣ እንደ ቱቫ፣
«ስንት?» አለኝ።
«አሥራ ሦስት።»
«ዋሸሽ» አለ። «አሥራ አምስት ነው። እስከዚህ ይሰማኛል።»