ሆደ ሰፊ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የቧንቧው ውሃ ሲንፎለፎል፣
ይርጋ ከውስጥ ቆልፎ፣ ስጠራው አቤት አይል፣
ሌላ ሴት መሰለችኝ።
በስልክ የሚያንሾካሹክ፣ ውሃ የከፈተ እኔ እንዳልሰማ፣
ብዬ ነው የጠረጠርኩት፣ በዊኒፔግ የጥር ጨለማ።
ኪሱንም ፈተሽኩ፣ አልዋሽም።
ደረሰኝ ነው የሞላው፣ ከአንድ ቡና ቤት፣ በፖርቴጅ መንገድ፦
አንድ ሻይ። አንድ ሻይ። አንድ ሻይ።
ይርጋ ደግሞ ሻይ የሚሉት ሲያልፍ አይወድ።

ሦስት ወር ፊት ነሳሁት።
ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ እያየሁት፣
መክሳቱን እንኳ ለሷ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው አቁሞ፣
ወረደ አሉ በረዶው ላይ፣ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ አጎንብሶ፣ ቆሞ።
ቡና ቤቱ ማዶ ነበር። አልደረሰም።
ያን ቀን የሆነውን ለልጆቹ አልነገርንም።
እዚህም አልጽፈውም።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ አንጀት ሣለችልን፤ እዚህ ቀላ፣ እዚህ ቆሰለ።
አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ የጎንደር ሰው መሰለ፤
«ክሮንስ» ብሎ ዝም አለ። ቃል ፈልጎ ያጣ መሰለኝ።
«እንግዲህ... ሰውነትህ የገዛ አንጀትህን ጠላት ነው ብሎ ተነሣበት።
አይድንም፤ ግን ይተኛል።»
መቼ እንደሚነቃ ማንም አልነገረኝ።

በአማርኛዬ አፈርኩ ያን ጊዜ።
ስንት ቀን «አንጀቴን በላኸው» ብዬሃለሁ፣ ስታሳዝነኝ፣
ስንት ቀን «የኔ ሆደ ሰፊ» ብያለሁ፣ ነገሬን ሁሉ ስትችልልኝ።
ቻልከው፤ አዎ። ደም እያየህ «ሆድ ይፍጀው» ብለህ ቻልከው።
ሆድም የሚፈጀው ቢበዛበት፣ ዞሮ ራሱን ፈጀው።

እናቱ ደወሉ ከደብረ ታቦር፦ «ኮሶ ነው! ይጠጣና ይሻለዋል!»
የማኅበር ሴቶች ጤና አዳም አመጡ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር።
ጎረቤታችን አቶ ቱሉ «የኔም አክስት እንዲሁ ያደርጋት ነበር» ብለው ጀምረው፣
መጨረሻዋ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ።
ኮታቸውን አነሡና ሄዱ።

ሚጥሚጣው ጋራዥ ገባ፤ በርበሬው ከጎማዎቹ ጀርባ።
ኪሩቤል፣ ጢሙ ሊበቅል የሚግደረደር፣
አንድ ሳምንት ነጭ ሩዝ በላ ከአባቱ ጋር።
በስምንተኛው ቀን ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት፣
በጨለማ፣ በጣቱ በርበሬ ሲልስ።
መብራቱን ሳላበራ ተመለስኩ።

ምዕራፍ ግን፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ካርታ ሠራች።
የአባቷን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰማያዊ ሣለች፣
መጸዳጃ ያለበትን ሁሉ በቀይ እርሳስ ከበበች፦
ቤተ መጻሕፍቱ፣ እሑድ ዝግ።
ነዳጅ ማደያው፣ ቁልፉን ጠይቅ።
ትልቁ ክብ የወይዘሮ ኮራሶን ዳቦ ቤት ነው፣ የፊሊፒንሷ፤
ራሷ ገብታ አነጋግራት፣ ከሥሩ ጽፋለች ራሷ፦
«አባዬ ሻይ መግዛት የለበትም ብላለች።»

እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት፣ ሐኪም ቤት ያላለቀስኩትን።

መርፌው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከእንቁላሉ ጎን፤ በሁለት ሳምንት አንዴ።
ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ይንቀጠቀጣል እጄ፣ ክንዴ።
ሆዱን ቆንጥሬ ልይዝ ብል፣ የሚቆነጠር የለውም እኮ።
«ውጊኝ» ይላል፣ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣»
በሽተኛው እሱ፣ የሚያጽናናኝም እሱ።
«አትቻለው» አልኩት። «ካመመህ ጩኽ።»
አየኝ። ጥርሱን ሊነክስ ነበር፣ እንደ ልማዱ፤
ከዚያ «ኧረ ያማል!» ብሎ ጮኸ፣ ያውም በሙሉ ድምፁ፣
ኪሩቤል ከላይ ፎቅ እየሮጠ እስኪወርድ፣ ምዕራፍ በሩ ላይ እስክትስቅ።

ቧንቧው ዝግ ነበር።