አቋቋም

በሬ ላይ የነበረውን ሰሌዳ ቀየሩት፤
"ዶክተር አንጓች" ብለው በሰማያዊ ጻፉት።
ከሥሩ በደቃቅ "ፊዚዮቴራፒ" ይላል፤
ወረፋ የጠበቀ ግን እዚያ ሳይደርስ ይገባል።

ገብቶም፣
"መርፌው የታል?" ይለኛል። "እኔ አልወጋም።"
"ክኒንስ?" "አላዝም።"
"ትቀጃለሽ እንዴ?" "ኧረ ቢላም የለኝም።"
"ታዲያ ምኑን ዶክተር? ወጌሻም እኮ ቢያንስ ቅቤ አያጣም።"

እናቴ እንኳ፣ አዘዞ ገበያ ቃሪያ ስትመርጥ፣
"ዶክተር ሆነችልኝ" ትልና፣ "የምን?" ሲሏት ስትደነግጥ፣
"የ… መቆም" ብላ ዘንቢሏን ታነሣለች፤
መልሷንም ሳትቀበል ትሄዳለች።

እኔስ ምን ልበላት?
ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት፣
የጡንቻ ስም በሻማ ስሸመድድ፣
ከፒያሳ ቁልቁል፣ በድንጋይ ንጣፉ መንገድ፣
ስንት ሽማግሌ በዓመት እንደሚወድቅ ቆጥሬ፣
ለምን እንደሚወድቅ አምስት ፈታኝ ፊት ተከራክሬ
(አንዱ ሰዓቱን ያያል፤
"መራመድን" አለኝ "ሕፃንም ያውቀዋል")፣
ካባውን ለበስኩት። ክረምት ነበር፤ ጭቃ ነካው ጠርዙን።
እማዬ አጠበችው፤ አላስለቀቀችም ምልክቱን።

በኅዳር፣ ከበአታ፣
በባጃጅ መጡ አንድ መሪጌታ።
ልሳነወርቅ ይባላሉ። ሁለት ተማሪ ደግፈዋቸው፣
ሠፈርተኛው "መጋኛ" ያለው ስትሮክ መቷቸው።
ቀኝ ጌታ ይመራል፣ ግራ ጌታ አይቀበል፤
ገላቸው ጎዶሎ ማኅሌት፣ ግማሹ ወገን የተኛ ይመስል።

"ዶክተሯን ጥሩልን።" "እኔ ነኝ፣ የኔታ።"
አዩኝ ከእግር እስከ ራሴ፣ ቀና ብለው ለአንድ አፍታ።
"ስንት ዓመት ተማርሽ?" "መጀመሪያ አምስት። ኋላ ሦስት።"
"ስምንት ዓመት? ሰው ለማቆም? ይኸ ነው ትምህርት?"
ተማሪው ሣቁን ዋጠ። እኔም ንዴቴን ዋጥኩ።
ቁርጭምጭሚታቸውን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩ፦
"አቋቋም ለመማር፣ የኔታ፣ እርስዎስ ስንት ፈጀብዎት?"
ዝም አሉ።
ግማሽ ከንፈራቸው ሣቀ፣ ግማሹ ቀረ ባለበት።
"ዐሥራ አንድ" አሉ። ቆይተውም፣ "ስምሽስ ማነው?"
"አንጓች።"
"ሰሙ ስምሽ፣ አንጓው ወርቁ ነው።"

ከዚያ ወዲያ በሁለታችን ቋንቋ ሠራን።
ብረቱን ክራንች ጠሉት፤ መቋሚያቸውን አስመጣን።
"ክብደትዎን ወደ ግራ" ስላቸው አልገባቸው፤
"ግራ ጌታ ይቀበል" ስል ዳሌያቸው ሄደላቸው።
ወድቀዋል ሁለቴ። በግዕዝም ሰድበውኛል፤
ተማሪው አልተረጎመም፤ አንገቱን ግን ደፍቷል።
አንድ ሳምንት ቀሩ፣ ለባጃጅ ሣንቲም አጥተው፤
በእግሬ ሄድኩ በአታ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው ተቀምጠው።
(ይኸኛው በዲግሪዬ ውስጥ የለም።)

በጥር፣ ከቀትር በፊት፣
መቋሚያውን ለተማሪው ሰጡት።
እጄን ከወገባቸው አነሣሁ። ትንፋሼን ያዝኩኝ።
ቆሙ።
ልጠጋ ስል በዓይናቸው "አትንኪኝ" አሉኝ።
ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንድ ሰከንድ።
ተቀመጡ በላብ ርሰው። "ይኸ ቁም ነው። ቀጥሎ ዝማሜ፣ ከዚያ መረግድ።"
ግራ እጃቸውን አዩት፤ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።
"ጽፋቱ" አሉ "ሁለት እጅ ይፈልጋል።"

ዝም አልኩ። ውሸት አላዝም፤ እሱንም ተምሬያለሁ።
ካርዳቸውን ስቤ እንዲህ ስል እጽፋለሁ፦
"ቁም፣ ዐሥራ አንድ ሰከንድ። ቀጣይ፣ ዝማሜ።"
"ማዕረጉስ?" አሉኝ ስፈርም።
ጨመርኩት፣ ከፊት ከስሜ።