ጥርስ አልባ ቁልፍ

ሸዋ በር፣ መንገድ ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
ሠላሳ ዓመት ሞረድኩ፣ ናስ ሲሆን፣ ብረት ሲሆን።
የደሴ ቁልፍ በሙሉ፣ ከሆጤ እስከ ገራዶ፣
ጥርስ ያወጣው በእጄ ነው፣ በዚህ ሞረድ ተሞርዶ።

ኋላ ይሄኛው መጣ፤
እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ፣ ጥርስ የለው፣ ምላስ የለው፣
ከኪስ እንኳን ሳይወጣ በር የሚያስከፍት ምን አለው?
"ይማም፣ ሞረድህን ሽጥ" እያሉ ሲቀልዱ፣
ጥርሴ ብቻ ይስቃል፤ ሌላ ነበር የሆድ ጉዱ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉም ከጦሳ ተንሸራቶ
አስፋልቱን እንዳለ፣ ባጃጁን እንዳለ በልቶ፣
ዘምዘም መጣች በሩጫ፣ ነጭ ጋዋኗን ደርባ፣
ኮምቦልቻ ነው ሥራዋ፣ ሁለት ሰዓት የምትገባ።
"ጋሼ ይማም ድረስልኝ፣ መኪናዬ ካደችኝ፤
ቁልፉ በእጄ እያለ 'ቁልፍ የለም' አለችኝ።"
"እኔኮ ሞረድ ነው ያለኝ" አልኳት፤ ደግሞ አሳዘነችኝ።

የእህቴ ልጅ አራጌ፣ ፖሊቴክኒክ የተማረ፣
ባለፈው ረመዳን ማታ እንዲህ ሲል ነግሮኝ ነበረ፦
"አጎቴ፣ ይሄ ነገር እንካ ስላንቲያ ነው፤
እጅህ እጀታውን ሲነካ፣ 'ማነው?' ይላል መኪናው፣
በሬዲዮ ሹክሹክታ፣ ቢርቅ ሁለት ክንድ ነው።
ኪስ ውስጥ የተኛው ቁልፍ ባንኖ 'አለሁ' ይለዋል፤
'አለሁ'ማ ማንም ይላል፤ መኪናው መች ይበቃዋል?
ቃል ይወረውርበታል፤ ቁልፉ ቤት ይመታለታል።
ቤት የሚመታበትን ምስጢር የሚያውቁት ሁለቱ፤
ነገ ደግሞ ሌላ ቃል ነው፣ አይሠራም የትናንቱ።
ሌባ አጥር ሥር አድፍጦ መልሱን ቃል በቃል ቢይዝ፣
የተቀደደ ቲኬት ነው፣ አውቶቡስ የማያስይዝ።
ፍሬን ረግጠህ ስትጫን ሞተሩም 'ማነህ?' ይላል፤
መልስ ካጣ አይነሳም፣ መንደር ቢገፋው እዚያው ይውላል።"

"ሁለት ሌቦችስ ድምፁን ተቀባብለው ቢያመጡት?" አልኩት።
"እሱም አለ" አለ፣
ቴምሩን እየፈለፈለ።

ስለዚህ አልኩ በልቤ፣ እምቢ ያለው መኪናው አይደለም፤
መላሹ ነው የደከመው፤ ባትሪው ውስጥ ነፍስ የለም።
ጎኑን ጫን ብል ከሆዱ ተስፈንጥሮ ምን ይውጣ?
ቁልፍ!
ትንሽ፣ ባለ ጥርስ፣ የኔ ቢጤ። ሳቄ መጣ።
ያ ሁሉ ዘመናዊ፣ ያ ሁሉ "አለሁ" ባይ፣
ለክፉ ቀን የብረት ጥርስ ታቅፎ ኖሯል ሆዱ ላይ።

በእሱ በሩን ከፈትን። ሞተሩስ?
አራጌ ጫማውን ሲያጠልቅ የጣላት ቃል ትዝ አለችኝ፦
"ከሞተ፣ አስጠጋው።"
"ዘምዘም፣ ቁልፉን ቁልፉ ላይ ለጥፊው" አልኳት፤ ግራ ገባት።
(ምን ላርግ? አማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም ነው የሰጣት።)
ጣት በማይገባበት ቅርበት፣ የሞተው ካዝራሩ ሲገጥም፣
አዝራሩ ዙሪያ ያለ ጥቅል መዳብ
ከገዛ ኃይሉ ቆንጥሮ አበደረው፤
ባለ ዕዳው አንድ ቃል ተነፈሰ፤
ሞተሩ ተነሳና፣ ጉሙን ቀዶ ወደ ሐረጎ ቁልቁል ፈሰሰ።
"ስንት ልክፈል?" ብላኝ ነበር።
ምን ልበላት? አልሞረድኩ።

ማታ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቤቴ።
ሉባባ ድሮ ኮቴዬን ከአጥር ማዶ ትለይ ነበር፤
ሳላንኳኳ መቀርቀሪያው፣ ሳልጣራ ገርበብ በር።
አሁን ጆሮዋ ደክሟል፤ ብጮህም ደጅ ያድራል ድምፄ፤
እገባለሁ እንደ እንግዳ፣ ለገዛ በሬ ቁልፍ ቀርጼ።

ዛሬ ግን አልጮህኩም።
ሄድኩና አጠገቧ፣ ጢሜ ጉንጯን እስኪነካት፣
አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ፣
"እንካ ስላንቲያ" አልኳት።

ዝም።
ትንሽ ዝም።

"በምንቲያ?" አለች።