የቀለለ አፈር

አባቴ በጀልባ መረብ የጣለበት
ዛሬ ሰፈር ሆኗል፤ አለኝ እኔም ቤት።
ከቶኪዮ ሰላጤ አሸዋ እየሳቡ፣
ጥልቁን ውሃ በግንብ እየከበቡ፣
ከምረው፣ ደልድለው፣ ሸንሽነው ሸጡልን፤
“መሬት ነው” አሉና ማህተም መቱልን።
ውሃው ግን አልሄደም። በአሸዋው ፍሬ መሐል ተጎልቶ
ዝም ብሎ ኖረ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ስሙን አስረስቶ።

መጋቢት ነበረ፤ ከምሳ በኋላ
ምድር ተናጠች እንደ ወተት ቅል፣ ወዲያ ወዲህ ብላ።
የተናጠ ወተት ቅቤ ይወጣዋል፤
ከእኛ ደጅ ግን ውሃ፣ ግራጫ ውሃ ይፈልቃል።
እጅ ለእጅ ተያይዞ ቤት ያቆመው አሸዋ ለአፍታ ተላቀቀ፣
የቤቱን ሸክም ሁሉ ውሃ ላይ ጣለና ጠፍቶ ተደበቀ።
ከባዱ ሰመጠ፣ ቀፎው ተንሳፈፈ፤
የኩሪሃራ ቤት እንደ ሰከረ ሰው አጥር ተደገፈ።
እኔ የቀበርኩት የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ክዳኑን እንደ ቆብ ደፍቶ፣
ከአስፋልቱ መሐል እስከ ደረቴ ወጣ፣ አንገቱን አቅንቶ።
ሃያ ስምንት ዓመት ጉድጓድ ስቀብር ኖሬ
ጉድጓድ ሲነሳ ያየሁ ያን ቀን ነው፤ ቆምኩኝ አፍሬ።

ለሞተ ምርቃት ነው “አፈሩ ይቅለለው”፤
ለቆመ ሰው ግን የቀለለ አፈር እርግማኑ ነው።

ለሃያ ሦስት ቀን መጸዳጃ የለም፣ ውሃ በቦቴ፤
ባልዲ ይዛ ተሰለፈች ወይዘሮ ኩሪሃራ፣ ጎረቤቴ።

ወጣቱ መሐንዲስ፣ ናኦዩኪ፣ “ውሃን አትሰሩት” አለን፣
“መውጫ በር ስጡት እንጂ፣ ቤት ይዞ እንዳይሄድብን።”
ስለዚህ ቱቦውን እያንቀጠቀጥን ወደ ሥር እንሰዳለን፤
ልሉ አሸዋ ይጠብቃል፤ ጉድጓዱን በጠጠር እንሞላለን።
ምድር ዳግም ስትቆጣ ውሃው በዚያ ሾልኮ ይወጣል፣
ቧንቧዬም ከነክዳኑ በቦታው ይተኛል።

ይህ ለመንገዱ ነው።

ለቤቶቹ ግን ከሥር የሲሚንቶ ግንብ፣ ከጎረቤት ጎረቤት የተያያዘ፤ አንዱ ብቻውን አይድንም።
አርባ አንድ ቤት ይፈርም ተባለ። ሦስቱ አልፈረሙም።
አንዱ ገንዘብ የለኝም አለ፤ አንዱ ልሸጥ ነው፤ አንዱ ዝም።

ወይዘሮ ኩሪሃራ ማህተሟን በመሐረብ ቋጥራ
ሦስቱን በር ታንኳኳለች፣ ምሽት ምሽት፣ በተራ።
ስትመለስ አንዲት መንደሪን ወለሉ ላይ ታኖራለች፤
መንደሪኗ ወደ ምሥራቅ ትንከባለላለች። አሮጊቷ ትቆጥራለች።
እኔም ከጎኗ ቆሜ፣ እግሬ ሥር እያዳመጥኩ ባሕር፦
ከግድግዳው ስትደርስ “ዘጠኝ” ትላለች። ትናንትም ዘጠኝ ነበር።