ግራ እግሬ

አስራ አንድ ዓመት፣ ከቂርያት ጋት አሽቀሎን፣
የጎደለኝን እንቅልፍ የሞላሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው።
አሁን መሪው የእኔ፤
እንቅልፉ የማን እንደሆነ እንጃ።

መኪናዋ ማርሽ አታስቀይርም፤
ግራ እግሬ ሥራ ፈትቶ
እንደ አዲስ አማች ተሰብስቦ ተቀምጧል።
መብራቱ ገና ሳይለወጥ ከኋላዬ ጡሩምባ፤
እዚህ አገር አረንጓዴን በጆሮ ነው የሚያውቁት።

ፕሉጎት መገናኛ ላይ እናንዬና ላሪሳ፣
አንድ ጃንጥላ ለሁለት፣
መሐላቸው እኔን የሚያህል ክፍተት።
ልቁም ብል በግራው መስመር ነኝ።
ሰላም ልል እጄን ባነሳ
የዝናብ መጥረጊያው ፈጠነ።

ማታ፣ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ፣
የልጆቹን ኳስ ከነጭቃው
ከኋላ ወንበር አነሳሁት።